ኖራ የቀባሁት ጥድ

ነገሩ የሆነበትን ዓመት በትክክል ልነግራችሁ አልችልም። ጣሊያን በገባ በሁለተኛው ዓመት ይሁን በሦስተኛው፣ አንዱን ስይዝ ሌላው ያመልጠኛል። ወሩንና ቀኑን ግን አልረሳሁትም። የመጋቢት ሚካኤል ዕለት ነበር። ለምን እንዳልረሳሁት ስትሰሙት ይገባችኋል።

እኔ ብዙ አልተማርኩም። ፊደል ቆጥሬ፣ ዳዊት ጀምሬ ሳልጨርስ ነው መጋዝ የያዝኩት። አሁን እዚህ ደብረ ብርሃን ቤት የሚሠራ ሰው ግቢው ውስጥ ትልቅ ዛፍ ካለበት «እስቲ አባባ ይዩልኝ» እያለ ይጠራኛል። ይቆረጥ ወይስ ይቆይ፣ መሠረቱ ከዛፉ ምን ያህል ይራቅ፣ እሱን እነግረዋለሁ። ባለፈው አንድ ወጣት መሐንዲስ «ይህን ሙያ ከየት ተማሩት?» አለኝ። ከአባቴ ነው ብዬ አለፍኩት። እውነት ነው፣ ከአባቴ ነው። በዚህ ሙያ ሰው ልገድልበት እንደነበረ ግን አልነገርኩትም። ቤቴ ገብቼ ሳስበው፣ ይህንን ይዤ መሞት የለብኝም አልኩና መጻፍ ጀመርኩ።

አባቴ ለቤተ ክርስቲያን በርና መስኮት የሚሆን ሳንቃ ይሰነጥቅ ነበር። ለቤተ ክርስቲያን በር ውስጡ የተቦረቦረ ዛፍ አይሆንም። ቆርጠው ከጣሉት በኋላ ባዶ ሆኖ ቢገኝ ደግሞ በከንቱ የተገደለ ዛፍ ነው። ስለዚህ አባቴ መጋዙን ከማስጠጋቱ በፊት ግንዱን ይመረምራል። በመጥረቢያው ጀርባ መታ ያደርግና ጆሮውን ይለጥፋል። ደህናው ዛፍ አጭርና ደረቅ ድምፅ ይሰጣል። የተቦረቦረው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። እግሩ ሥር እንጉዳይ ካበቀለ፣ ወይ ጉንዳን የእንጨት ዱቄት እያወጣ ከከመረ፣ ሥሩ ታሟል ማለት ነው። በቀትር ጥላው የሚያርፍበትን መሬት ደግሞ «የዛፉ ግቢ» ይለው ነበር። «እዚያ ውስጥ ዶማ አይገባም፤ ከገባ ዛፉ ያመዋል» ይለኝ ነበር።

ጣሊያን ከደብረ ብርሃን ወደ አንኮበር መንገድ ሲያወጣ፣ ከኛ ደብር በላይ ነፋስ የማይለየው ኮረብታ ላይ ካምፕ ሠራ። መሐንዲሳቸው ቀጭን፣ ባለ መነጽር ሰው ነበር። ትልልቆቹ ዛፎች ለካምፑ የነፋስ መከለያ እንዲሆኑት ስለፈለገ፣ ሳይመረመር አንድም ዛፍ እንዳይቆረጥ አዘዘ። ዛፍ የሚያውቅ ሰው ፈልጉ ሲባል እኔን አመጡኝ። አንድ መጥረቢያና አንድ ባልዲ ኖራ ሰጡኝ። የሚቆየውን ዛፍ ወገቡ ላይ ዙሪያውን ኖራ እቀባዋለሁ። የሚቆረጠውን ቅርፊቱን እልጥበታለሁ። መሐንዲሱ ከኋላዬ እየተከተለ «ቡኖ?» ይላል፤ ደህና ነው ወይ ማለቱ ነው። እኔም «ቡኖ» ወይም «ኖ ቡኖ» እላለሁ። ሌላ የጣሊያን ቋንቋ አልነበረኝም።

የቀረውን የሚያስተረጉመው ካቦው ነበር። የሠራተኞቹ አለቃ ነው፤ ካቦ ንጋቱ ይባላል። የኛው ደብር ሰው ነው። ታላቅ ወንድሜ ተክሌና እሱ የአንድ ሚካኤል ማኅበርተኞች ነበሩ። በየወሩ በአሥራ ሁለት በየተራ እያወጡ አንድ ጽዋ ይጠጣሉ።

ካቦው ቀልደኛ ነው። ሰው በተሰበሰበበት «አንተ የዛፍ ሐኪም!» ይለኛል። «እስቲ ና የኔንም ደረት አዳምጠው፤ ቡኖ ነው ኖ ቡኖ?» ሠራተኛው ይስቃል። ያኔ እኔም እስቅ ነበር።

ታኅሣሥ ላይ ነው። በመንገዱ መስመር ላይ አንድ ያረጀ ወይራ ቆሞ ነበር። መታሁት። ላይኛው ወገን እንደ ከበሮ ጮኸ። ዝቅ ብዬ ስመታው ግን ድምፁ ታፈነ። እንዲህ ያለ ዛፍ ገጥሞኝ አያውቅም። ምናለ ዝም ብል! መሐንዲሱም ካቦውም ቆመው እያዩኝ፣ ሙያዬን ማሳየት አማረኝና «ይህ ወይራ ባዶ ነው፤ ከታች ግን አንድ ነገር ተጠቅጥቆበታል» አልኩ።

ካቦ ንጋቱ ፈገግ አለ። «አቤት ጆሮ!» አለኝ። እጁን በስንጥቁ ከትቶ ጎተተ። በቅባት በታሸ ቆዳ የተጠቀለለ ምንሽር ጠመንጃ ወጣ።

ወታደሮች መጡ። እኔ ማንገቻውን አየሁት። ከጠፍር የተጎነጎነ ነው፤ አጎነጓጎኑን አውቀዋለሁ። እንደዚያ አድርጎ የሚጎነጉነው በአገሩ ጋሼ ተክሌ ብቻ ነው። ጣሊያኖቹ ያን አያውቁም። እዚያ ከቆምነው ውስጥ የምናውቀው እኔና ካቦው ብቻ ነን። አየኝ፤ አየሁት። በዓይኔ ለመንኩት። እሱ ወደ ወታደሮቹ ዞሮ ተናገረ።

ጋሼ ተክሌን ከአውድማው ላይ ወሰዱት። በሬዎቹ ገና እየዞሩ ነበር። በማግሥቱ ጠዋት ከካምፑ በታች ረሸኑት።

ካቦው ዝም ቢል ማን ይጠይቀው ነበር? ማንም። ከአንድ ጽዋ የጠጣውን ሰው አሳልፎ የሰጠው ማንም ሳያስገድደው ነው። እኔ አፌ አመለጠኝ፤ እሱ ግን አስቦ ነው የተናገረው። ይህን ልዩነት ለራሴ ስነግረው ኖሬአለሁ።

ለቅሶው ላይ እናቴ አላለቀሰችም። እጄን ይዛ «ወርቁ፣ የወንድምህ ደም መሬት ላይ ነው ያለው። እስኪነሣ ጸጉርህን እንዳትላጭ» አለችኝ። «እሺ እምዬ» አልኩ። ያስያዘው ካቦው መሆኑን ለሷ ብቻ ነገርኳት፤ በወይራው ላይ የተናገርኩት እኔ መሆኔን ግን እስክትሞት ድረስ አልነገርኳትም።

ከካምፑ ሥራ ብቀር እጠረጠራለሁ። ስለዚህ ተመለስኩ። መጥረቢያዬን ይዤ ከካቦው ኋላ እየሄድኩ ማጅራቱን አይ ነበር። አንድ ምት ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ግን እኔንም እዚያው ይገድሉኛል፤ እናቴም ሁለተኛ ልጅ ታጣለች። ሌላ መንገድ መፈለግ ነበረብኝ። መንገዱን ያሳየኝ ራሱ ካቦው ነው።

ለካቦው ከካምፑ ጫፍ ላይ የቆርቆሮ ቤት ሠርተውለት ነበር። ከቤቱ በስተምሥራቅ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ከጥዱ ወዲያ ገደሉ ነው፤ ቁልቁል ሲያዩ አሊዩ አምባና ቆላው በሙሉ ይታያል። የካቲት ውስጥ መሐንዲሱ በገደሉ በኩል የግንብ አጥር ሊሠራ ፈለገና ጠራኝ። «ዛፉ ሳይጎዳ እስከምን ተጠግተን እንቆፍር?» ብሎ በካቦው በኩል ጠየቀኝ። ካቦው ከተረጎመ በኋላ የራሱን ጨመረበት።

«ቤቴ ላይ ብቻ እንዳትጥልብኝ፣ የዛፍ ሐኪም!»

በዚያች ቅጽበት ነው ሁሉም ነገር የታየኝ።

የኛን ኮረብታ የሚያውቅ ያውቃል፤ በመጋቢት ከቀትር በኋላ ነፋሱ ከቆላ ወደ ደጋ እየገፋ ይወጣል። ጥዱን ያቆሙት በምሥራቅ በኩል ያሉት ሥሮች ናቸው። እንደ ድንኳን ገመድ ወጥረው ይዘውታል። ገመዱን ከነፋሱ ወገን ብትቆርጠው ድንኳኑ ወዴት እንደሚወድቅ ማንም ያውቃል። የካቦው ቤት ደግሞ በስተምዕራብ፣ ልክ በሚወድቅበት በኩል ነው።

ጥዱን ዞርኩት። መታሁት። ምንም ያልነካው ጤነኛ ዛፍ ነበር። በብረት ዘንግ አፈሩን እየወጋሁ ሥሩን የፈለግሁ መሰልኩ። ከዚያ «ሥሩ በሙሉ ወደ ምዕራብ ነው የሄደው። በገደሉ በኩል ባዶ አፈር ነው። እስከ ግንዱ ድረስ ቆፍሩ፣ ምንም አይሆንም» አልኩ።

መሐንዲሱ መነጽሩን አስተካክሎ «ቡኖ?» አለኝ።

«ቡኖ» አልኩት። ኖራዬን አነሣሁና የጥዱን ወገብ ዙሪያውን ቀባሁት። ይህ ዛፍ ይጠበቅ ማለት ነው።

ቆፋሪዎቹ ጭን የሚያክል ሥር ሲያገኙ ግራ ገብቷቸው ቆሙ። «እናንተ ወዲያ በኩል ጀምሩ፣ ይህን እኔ አየዋለሁ» ብዬ ቦዩ ውስጥ ወረድኩ። አንድ በአንድ በመጥረቢያ ቆረጥኳቸው። አፈር መለስኩባቸው። የጥድ እንጨት ውስጡ ቀይ ነው፤ ሽታው ቶሎ አይለቅም። ብዙ ቀን ከእጄ ላይ አልወጣም። ምግብ ስበላ ይሸተኝና ደስ ይለኝ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ካቦውን ሳየው መጥላት ቀረልኝ ማለት እችላለሁ። ጎጆው ሊቃጠል ያለ ሰው ሲስቅ እንደማየት ነው። ቀድሜ ሰላም እለዋለሁ። ቀልዱን እስቅለታለሁ። በየቀኑ ጥዱን ላይ ብዬ እሄዳለሁ፤ «በሽተኛህ እንዴት አደረ?» ይለኛል ከደጁ ተቀምጦ። «ደህና ነው፣ ካቦ» እላለሁ። ወደ ቦዩ ጎንበስ ስል አፈሩ ላይ ፀጉር የምታክል ስንጥቅ አያለሁ። በሚቀጥለው ቀን ትንሽ ትሰፋለች። ያችን ስንጥቅ እንደ ልጅ ነው ያሳደግኋት።

ከሥራ መልስ ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ቤቱ ገብቶ ጋደም እንደሚል አውቃለሁ። ብቻውን ነው የሚኖረው። ተኝቶ እያለ እንዳይወድቅበት እመኝ ነበር። ነቅቶ፣ ቀና ብሎ፣ ሲመጣበት እንዲያየው ነበር የፈለግሁት።

የመጋቢት ሚካኤል ዕለት ነፋሱ ከጠዋት ጀመረ። ከቀትር በኋላ ሰው መቆም አቃተው። ሥራ ተቋረጠ፤ ጣሊያኖቹም ድንኳናቸው ውስጥ ገቡ። እኔ ለግንቡ ከተከመረው ድንጋይ ጀርባ ተቀምጬ ጥዱን እጠብቅ ጀመር። ነፋሱ ሲመጣ በምሥራቅ በኩል ያለው መሬት ብድግ ይላል፤ ሲያልፍ ይቀመጣል። ልክ እንደተኛ ሰው ሆድ ይተነፍሳል። አሁን ነው፣ አሁን ነው እላለሁ።

እኔ በተከለልኩበት ድንጋይ ክምር አንድ ሽማግሌ ነጋዴ በቅሎዎቹን ይዞ ተጠግቶ ነበር። ጥጥ ጭኖ ከአሊዩ አምባ አቀበቱን ወጥቶ ነፋሱ እስኪያልፍ የሚጠብቅ ሰው ነው። ሰላምታ ተለዋወጥን እንጂ ልብ ብዬ አላየሁትም። እሱ ግን ለካ እኔ የማየውን እያየ ነው።

«ያ ዛፍ ይነቃነቃል» አለኝ።

ዓይኔን ከጥዱ አልነቀልኩም።

«ወላሂ ሥሩ የለም። መሬቱን አታየውም? ሊወድቅ ነው። እዚያ ቤት ሰው አለ?»

«አንድ ሰው ብቻ ነው ያለው» አልኩ። አፌ እንዴት እንዳወጣው አላውቅም።

ሽማግሌው ፊቴን አየኝ። ነፋሱ ለአፍታ ጋብ አለ። ያኔ ከቆርቆሮው ቤት ውስጥ «አሜን» የሚል የብዙ ሰው ድምፅ ተሰማ።

«ከአንድ ሰው አፍ ነው ይህ ሁሉ አሜን የሚወጣው?» አለኝ።

ማኅበሩ ነው! የማኅበሩን ተራ አውቀዋለሁ፤ የመጋቢቱ የጋሼ ተክሌ ነበር፣ የካቦው የሚቀጥለው የሚያዝያ ነው። የሟች ተራ በቤተሰቡ ይወጣልና ማኅበርተኛው ዛሬ ወንድሜ ቤት ይሰበሰባል ብዬ ነበር። የወንድሜ ሚስት ግን ከለቅሶው በኋላ ሰላ ድንጋይ ወላጆቿ ዘንድ ሄዳለች። የሚያወጣ ሲጠፋ ተራው ዘለለና ካቦው ላይ ደረሰ። እሱም ሳይደሰት አልቀረም። እኔ ካምፕ እያደርኩ ይህን የነገረኝ ሰው የለም። ወንድሜን የገደለው ሰው በወንድሜ ሞት ምክንያት አንድ ወር ቀድሞ ደግሷል። እዚያ ውስጥ ያለው የደብራችን ሰው ነው። ቄሱ አሉ። አሮጊቶቹ አሉ።

«ሂድና ንገራቸው እንጂ!» አለኝ ሽማግሌው።

«ብነግራቸው በምን አወቅህ ይሉኛል። እኔ ነኝ ይቆይ ያልኩት። ይሰቅሉኛል፤ እሱም ይተርፋል።»

«እሱ ማነው?»

«ወንድሜን ያስረሸነ ነው።»

ሽማግሌው ጢሙን ያዘ። አልተቆጣኝም። ቀስ ብሎ «አሁን አንተ ደም ፈላጊ ነህ» አለኝ። «ይህ ዛፍ ከወደቀ በኋላ የስንት ቤት ደመኛ እንደምትሆን ተቀምጠህ ቁጠረው።»

እግሬ አልንቀሳቀስ አለኝ። እውነቱን እጽፋለሁ፤ በዚያች ሰዓት እንኳ ልቤ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። እንዲወጡ እፈልጋለሁ፤ እሱ እንዲወጣ አልፈልግም። ይህን ዓይነት በር ደግሞ ማንም አልሠራም።

ሽማግሌው ተነሣ። ከወገቡ ቢላውን መዘዘ። የሚወጋኝ መስሎኝ ነበር። ወደ በቅሎዎቹ ሄዶ አንዱን ጆንያ ከላይ እስከ ታች ቀደደው። ሁለተኛውን ቀደደው። ሦስተኛውን ቀደደው። ነፋሱ ጥጡን ከጆንያው ውስጥ እየመዘዘ አወጣው። ቢላውን መልሶ ከሸጎጠ በኋላ ነጠላውን እያውለበለበ ጮኸ።

«የሰው ያለህ! የሰው ያለህ! ጭነቴን ነፋስ ወሰደው! ኧረ የሰው ያለህ!»

በኛ አገር የሰው ያለህ ተብሎ ሲጮህ ቁጭ ብሎ መስማት የለም። ጽዋ የያዘም ጽዋውን ያስቀምጣል። የቤቱ በር ተበርግዶ ሰው እየተጋፋ ወጣ። ሜዳው በሙሉ ነጭ ሆኗል። ጥጡ በካምፑ ላይ እየተንከባለለ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ቄሱ ካባቸውን ሰብስበው ሮጡ። ሴቶቹ በነጠላቸው እየቀለቡ ሮጡ። አንዱ «ያዘው! ያዘው! በዚያ በኩል!» ይላል፤ ሌላው ወድቆ ይስቃል።

ካቦ ንጋቱ ከሁሉም ፊት ነበር። ጥጡን በሁለት ክንዱ አቅፎ «ነፋሱ ለኔም ላከልኝ!» እያለ ይጮህ ነበር። ሲያልፈኝ ክንዱ ነካኝ። ልይዘው አልቻልኩም፣ ወደ ቤቱ ልመልሰው አልቻልኩም። ጥርሴን ነክሼ ቆምኩ።

ቤቱ ባዶ ሆነ ስል ከበሩ አንዲት ሴት ምርኩዟን ይዛ ብቅ አለች። እናቴ ነበረች።

የጋሼ ተክሌን ቦታ ለማንም አላስወስድም ብላ መጥታ ነው። እሷ ጥጥም አልያዘች፣ ሩጫም አትችል። ቀስ እያለች ትራመዳለች። ከጥዱ በኩል እንደ ጥይት ያለ ድምፅ ሰማሁ። የቀረው ሥር እየተበጠሰ ነው። እንዴት እንደደረስኩ አላውቅም። ከወገቧ አቅፌ ጎተትኳት።

«ምን ትጎትተኛለህ!» አለችኝ። «ጽዋውን አልጠጣሁለትም እኮ! ፊት ለፊቱ አልጠጣም ልለው ነው የመጣሁት!»

ጥዱ ወደቀ። መሬቱ ተንቀጠቀጠ። ቆርቆሮው እንደ ወረቀት ታጠፈ። ግንዱ በቤቱ መሃል፣ መደቡ ላይ ነው ያረፈው።

ሰው ሁሉ ጥጡን እንዳቀፈ ዞሮ ቀረ። ቄሱ ተንበረከኩ። ካቦው ቤቱን አየ፤ ከዚያ በግንባሩ ተደፍቶ መሬቱን ሳመ። «ሚካኤል አወጣኝ! ሚካኤል አወጣኝ!» እያለ ያለቅስ ጀመር። ሰውም አብሮት አለቀሰ።

እናቴ ክንዴን ተደግፋ ታየው ነበር። «ትንሽ ቀደም ቢል ምን ነበረበት?» አለች በቀስታ።

«እምዬ፣ ውስጥ እኮ ነበርሽ!»

«ብኖርስ? እሱም ነበረ።»

እናቴ እንዲህ ነበረች። አንዳንዴ ከኔ ይልቅ ያ መጥረቢያ ለሷ ነበር የሚገባው እላለሁ።

መሐንዲሱ መጥቶ ጉድጓዱ ውስጥ ወረደ። የተገነጠሉትን ሥሮች እያየ ቆየ። በመጥረቢያ የተቆረጡት ደርቀው፣ አዲስ ከተበጠሱት ጋር ጎን ለጎን ይታያሉ። አንዱን በጣቱ ነካው። ቀና ብሎ አየኝ። ገብቶታል። ነገር ግን ቦዩ እንዲቆፈር ያዘዘው እሱ ራሱ ነው፤ ከአለቆቹ ፊት የሚያቆመው ነገር ነው። ለካቦው አንድ ቃል ተናገረ። ካቦው እንባውን እየጠረገ «ነፋስ ነው ይላል» ብሎ ተረጎመልኝ። በዚያው ሳምንት ከሥራ አሰናበቱኝ።

ሽማግሌው ነጋዴ ሰው የሰበሰበለትን ጥጥ፣ እሾህና አፈር የያዘውን፣ በቀረው ጆንያ ውስጥ እየከተተ አገኘሁት። አብዛኛው ሄዷል። «ስምዎን ይንገሩኝ» አልኩት።

«አይሆንም» አለኝ። «ይዘው ቢገርፉህ የማታውቀውን አታወጣም።» በቅሎዎቹን እየነዳ ሄደ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማሳጠር ይሻላል። ጣሊያን ሲወጣ ካቦው «ካምፑ ውስጥ ሆኜ አርበኛ እረዳ ነበር» አለ፤ የመሰከሩለትም አልጠፉም። መሬቱን ይዞ ኖረ። በየሚካኤሉ ማኅበር ላይ የሚያወራው ታምር ደግሞ አንድ ነው፤ ነፋሱ፣ ጥጡ፣ ዛፉ፣ እሱን ያወጣው መልአክ። እኔ በወንድሜ ቦታ ተቀምጬ በየዓመቱ ሰምቼዋለሁ። በየዓመቱ ጥጡን እያበዛው፣ ዛፉን እያረዘመው ነው የሚያወራው። አንዳንዴም ወደኔ ዞሮ «ያኔ እንኳ ሐኪሙ በሽተኛውን ሳያድነው ቀርቷል» ብሎ ያስቃል። እኔም በአንድ እጄ ጽዋዬን ይዤ፣ በሌላው እናቴ እንዳትላጭ ያለችኝን ጸጉር አካለሁ። በኋላ አርጅቶ በመኝታው ሞተ። ቀብሩ ላይ ያን ታምር እንደገና ተናገሩለት።

ሚካኤል ያወጣው እነዚያን ማኅበርተኞች ነው። እሱ የወጣው መሃላቸው ስለነበረ ነው። ይህን በአፌ ሳልናገር ኖሬአለሁ፤ አሁን ተጽፎ ይቀመጥ።

ይቅር ብለኸዋል ወይ የሚለኝ ካለ፣ አላልኩም። ደግ ሰው ነው ይሉኛል፤ ልጆችም ይወዱኛል፤ ያ ነገር ግን እንዳለ ነው። የቆላው ነፋስ ሲነሣ እስካሁን ጆሮዬ ይቆማል። የሚቆጨኝ አንድ ሌላ ነገር ጥዱ ነው። ጤነኛ ነበር። አባቴ ቢያየኝ ምን ይለኝ ነበር እላለሁ።

አገር ነጻ በወጣ ጊዜ ካቦው አርበኛ እረዳ ነበር ሲል የሰማሁ ዕለት መጥረቢያዬን ስዬ ነበር። ወደ ቤቱ ግን አልሄድኩም። እግሬ ቁልቁለቱን ያዘ። በገበያ ቀን አሊዩ አምባ ወርጄ ጥጡን ነፋስ የበተነበትን ሽማግሌ ፈለግሁ። «ለነፋስ የሸጠውን ነው?» እያሉ ተሳሳቁና ወሰዱኝ። የገበያው ሰው እስከዚያን ጊዜ ይቀልድበት ነበር፤ እሱም እውነቱን ለማንም አልተናገረም።

አስቀመጠኝ። መጥረቢያውን አየው። «ይቅር በለው አልልህም፤ የሞተው ወንድሜ አይደለም» አለኝ። «ግን እንዲህ ስትሆን ወደሱ አትሂድ። ወደኔ ውረድ።»

ወረድኩ። ስንት ዓመት እንደተመላለስኩ አላውቀውም። ቁጣዬ በተነሣ ቁጥር ያን ሁሉ ቁልቁለት እወርዳለሁ፤ እሱ ሥራውን እየሠራ ያንኑ ነገር ለመቶኛ ጊዜ ይሰማኛል፤ ከዚያ አቀበቱን ወጥቼ ቤቴ ስደርስ መጥረቢያ የማንሣት አቅም አይኖረኝም። ሰው ሳልገድል ያረጀሁት በዚህ ነው። ስሙን የነገረኝም በዚያው መጀመሪያ በወረድኩበት ቀን ነው።

ኡመር ይማም ይባል ነበር።